በታኅሣሥ አምስት ቀን ኬራላ፦ እናቴን ይዤ የት የት ልሂድ?

የኮልፌዋ

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ታናሽ ወንድሜ ባንጋሎር የጀመረውን የዶክትሬት ትምህርት ኅዳር መጨረሻ ላይ ይጨርሳል። እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ ለምርቃቱ እንሄዳለን። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ እስክንመለስ አምስት ቀን ስለሚተርፈን በደቡብ ምዕራብ ሕንድ በምትገኘው የኬራላ ግዛት ባሕር ዳርቻ ብናሳልፈው ብለን አሰብን። ወንድሜን እንዳልጠይቀው እሱ ከላቦራቶሪ ወጥቶ የሕንድን ፀሐይ በቅጡ ያየ አይመስለኝም።

ያወጣሁት እቅድ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኮቺ፣ በሁለተኛው ሙናር ሄደን የሻይ ተራሮቹን ማየት፣ በሦስተኛው ቴካዲ ዝሆን ፍለጋ፣ በአራተኛው አላፑዛ የቤት ጀልባ ላይ ማደር፣ በአምስተኛው ኮቫላም ባሕር ዳር አርፈን ከትሪቫንድረም በአውሮፕላን ወደ ባንጋሎር መመለስ። ካርታ ላይ ሳየው ሁሉም ጎረቤታሞች ናቸው።

ሁለት ነገር ልጨምር። እናቴ ዕድሜዋ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል። ደግሞ ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ነው። እሷ ደግሞ የሰው አገር ነው ብላ የምትገድፍ ሴት አይደለችም፤ ዓሣም ቢሆን አትቀምስም። ባቡር ይሻላል አውሮፕላን? የቤት ጀልባው እንደሚወራለት ነው? ምን ትበላለች? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የባንጋሎር ተማሪ

አስቀድሞ እንኳን ደስ ያላችሁ። እቅድሽን ሳነብ ግን ወገቤን አመመኝ።

ከኮቺ ሙናር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን አይተሽ ሁለት ሰዓት ብለሽ አስበሽው ይሆናል፤ የሚፈጀው ግን አራት፣ አንዳንዴም አምስት ሰዓት ነው። ተራራው ከጀመረ በኋላ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ከፊት አውቶቡስ ካለ ከኋላው መንፏቀቅ ነው። ከሙናር ቴካዲ እንደገና ሦስት አራት ሰዓት ጥምዝምዝ። ከቴካዲ አላፑዛ ቁልቁለቱን ወርዶ አራት ሰዓት። ከአላፑዛ ኮቫላም ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም ቤትና ሱቅ ተቋርጦ በማያውቅ መንገድ። ኬራላ ውስጥ አንዱ ከተማ አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አይለይም፤ ሹፌሩ ቢቸኩል እንኳ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። እንግዲህ ከአምስቱ ቀን ሁለቱን የምታሳልፉት መኪና ውስጥ ነው፣ እናትሽ ጉልበታቸውን አጥፈው።

ኮቺንና አላፑዛን ብቻ ያዙ። በሁለቱ መካከል 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ባሕር፣ ሐይቅ፣ ቦይ፣ አሮጌ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም እዚያው አለ። የቀረውን ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ስለ መጓጓዣው፦ ከባንጋሎር ወደ ኤርናኩላም (የኮቺ ዋናው ጣቢያ ማለት ነው) ማታ ተነሥቶ ጠዋት የሚደርስ ባቡር አለ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ተኝታችሁ ስለምትሄዱ የአንድ ሌሊት ሆቴል ይተርፋችኋል። አየር ማቀዝቀዣ ካለው ክፍል ሁለት ደርብ አልጋ ያለውን ምረጡ። ሦስት ደርብ ያለው ርካሽ ነው፣ ግን መካከለኛው አልጋ ከተዘረጋ በኋላ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም። ስትመዘግቡ የእናትሽን ዕድሜ በትክክል አስገቡ፤ የታችኛው አልጋ ለአረጋውያን ቅድሚያ ይሰጣል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው፤ በተከፈተ ዕለት ግዙ። የተጠባባቂ ቲኬት ይዞ "አንድ ነገር ይሆናል" ማለት እዚህ አይሠራም፤ ቦታ ካልተገኘ ቲኬቱ ራሱ ይሰረዛል፣ ገንዘቡ ይመለሳል፣ እናንተ ግን ጣቢያው ላይ ትቀራላችሁ።

በተለይ በእናንተ ወቅት ነገሩ ይብሳል። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ወደ ሳባሪማላ ቤተ መቅደስ የሚጓዘው ምእመን ስፍር ቁጥር የለውም። ጥቁር ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ዶቃ አድርገው፣ ራሳቸው ላይ ስንቅ ተሸክመው ታያቸዋላችሁ፤ በጣም ትሑት ተጓዦች ናቸው፣ ግን ባቡሩን ሞልተውታል።

ተራራ ወዳዱ

ባንጋሎር ያለኸው ወንድሜ፣ ሙናርን እንዲህ በአንድ መስመር መሰረዝ ግፍ ነው። ኤራቪኩላም ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የኒልጊሪ ታር የሚባል የዱር ፍየል አለ፤ የእኛን ዋልያ ለማየት ስሜን ድረስ ወጥቶ ጭጋግ ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ይህኛው መንገድ ዳር ቆሞ ሣር ሲግጥ ሲያገኘው ይደነግጣል። ከሰው አይሸሽም። እዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው የአናሙዲ ተራራ 2,695 ሜትር ነው፤ በደቡብ ሕንድ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ኮረብታውን ሰማያዊ የሚያደርገው የኩሪንጂ አበባ በ12 ዓመት አንዴ ነው የሚያብበው፤ ባለፈው በ2018 እ.ኤ.አ. አብቧል፣ ቀጣዩ በ2030 ነው። ይህ ሁሉ እያለ ውሃ ላይ ተቀምጦ መዋል!

የጎሬ ልጅ

ተራራ ወዳዱ፣ አበባው እስከ 2030 የማያብብ ከሆነ ሴትዮዋን ታኅሣሥ ላይ ምን ልታሳያቸው ነው?

እኔ ያደግሁት ጉመሮ የሻይ እርሻ አጠገብ ነው። ተቆርጦ የተስተካከለ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ጠዋት ጉም፣ ቅርጫት ያዘለች ለቃሚ፤ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ለዚያ ግን ጎሬ ወይም ዉሽዉሽ መሄድ ይበቃል። ሙናር ከፍታው 1,500 ሜትር አልፎ ጥቂት ነው፤ ኮልፌ ከዚያ ስንት መቶ ሜትር ከፍ ትላለች! ታኅሣሥ ሌሊት ሙናር ይበርዳል፣ ሹራብ ያስይዛል። ከአዲስ አበባ የታኅሣሥ ብርድ ወጥታችሁ ሌላ ብርድ በገንዘባችሁ ልትከራዩ ነው? እኛ ተራራ ተርፎን ባሕር ያጣን ሰዎች ነን። ባሕሩ ጋ ሂዱ።

ተራራ ወዳዱ

ሻይ ሁሉ አንድ ነው ካልክ ቡናም ሁሉ አንድ ነው በለኛ። ግን እሺ፣ አንድ ነገር ልመን፦ ሙናር ቢያንስ ሁለት ሌሊት ካላደሩበት አይሆንም። ደርሶ መልስ መሄድ ለማንም አልመክርም።

ሩት ከዱባይ

የምግቡን ነገር ለእኔ ተዉት። የሥራ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ የኬራላ ሰዎች ናቸው። ከዚህ ኮቺ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ነው፤ የረዘመ በዓል በመጣ ቁጥር እንዳልሄድ የሚያግደኝ ጠፍቷል።

እናትሽ አይራቡም፣ እንዲያውም ከሁላችሁም የተሻለ የሚበሉት እሳቸው ናቸው። ቁርስ ላይ አፓም ይጠይቁ። ከሩዝ ዱቄትና ከኮኮናት ተቦክቶ፣ ኮምጨጭ ብሎ፣ ጎድጓዳ መጥበሻ ላይ የሚጋገር ነው፤ ጠርዙ ስስና ደረቅ፣ መሐሉ ወፍራምና ዓይን ያለው። እንጀራ በልቶ ያደገ ሰው እጁ ራሱ ያውቀዋል። ከእሱ ጋር ድንች፣ ካሮትና አተር በኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ ይመጣል፤ ቅመሙ ሄልና ቁንዶ በርበሬ ነው፣ አያቃጥልም። ሌላው ፑቱ ነው፤ የሩዝ ዱቄትና የተፈገፈገ ኮኮናት በቱቦ ውስጥ በእንፋሎት በስሎ የሚቀርብ፣ ከጥቁር ሽምብራ ወጥ ጋር። ሁለቱም የጾም ናቸው።

ምሳ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሕንድ ውስጥ የአትክልት ምግብ ማለት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ማለት ነው እንጂ ወተትና ቅቤ የሌለበት ማለት አይደለም። ሳድያ የሚባለው በሙዝ ቅጠል ላይ የሚደረደረው ማዕድ ሲያዩት ሙሉ የጾም በያይነቱ ነው። ሆኖም ምስሩ ላይ አሳላፊው ቅቤ ያፈስበታል፤ አቪያል በሚባለው የአትክልት ድብልቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ እርጎ አለ፤ መጨረሻ ላይ አሬራ ይመጣል። ጣፋጩ ፓያሳም ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ ነጩ በላም ወተት፣ ቡናማው በኮኮናት ወተትና በጥቁር ስኳር። ቡናማውን ይጠይቁ። ቅጠሉ ፊታችሁ እንደተዘረጋ፣ ገና ምንም ሳይፈስበት፣ "ቅቤ፣ እርጎ፣ የላም ወተት አይሁን" ብሎ መናገር ነው፤ አሳላፊዎቹ ፈጣኖች ስለሆኑ ዘወር ብላችሁ ስትመለሱ ቅቤው ፈስሷል። የቱሪስት ሆቴሎች "ቪጋን" ሲባሉ ወዲያው ይገባቸዋል። በቀኝ እጅ መብላት ደግሞ ለእናንተ ትምህርት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ። በየምግብ ቤቱ ለብ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው ውሃ በብርጭቆ ይቀርባል። የቆሸሸ አይደለም፤ በአንድ ዛፍ እንጨት ስንጥር የፈላ ውሃ ነው። ስለፈላም ከቧንቧው ይልቅ እሱ ይሻላል።

አንቺና ባለቤትሽ የምትገድፉ ከሆነ ደግሞ ካሪሚን የሚባለውን ዓሣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጠበስ ቅመሱ። በነገራችን ላይ በብዙው የሕንድ ክፍል የማይገኘው የበሬ ሥጋ ኬራላ ውስጥ በየምግብ ቤቱ አለ፤ በኮኮናት ስንጥርና በቁንዶ በርበሬ ጥቁር እስኪል ይጠበሳል። የምጽፈው ግን ለጿሚ ቤተሰብ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

ዘ ልደታ

ዓሣ በነቢያት ጾም ይበላል እኮ። እናታችን ለምን ይጨነቃሉ?

የጎሬ ልጅ

ማን ነው ይበላል ያለህ?

የክሩ ጠባቂ

ወንድሞቼ፣ የዓሣና የጾም ክርክር የራሱ ክር አለው፣ እሱም እስካሁን አልተዘጋም። እዚህ ስለ ኬራላ ብቻ።

ቀዛፊው

የቤት ጀልባውን ጉዳይ ማንም ስላልነካው ልግባበት። ኬቱቫላም ይባላል። ድሮ ሩዝና ቅመም ወደ ኮቺ የሚያመላልስ የጭነት ጀልባ ነበር፤ ሳንቃው በምስማር ሳይሆን ከኮኮናት ልጥ በተፈተለ ገመድ ተሰፍቶ ነው የሚያያዘው። መኪና ሥራውን ሲነጥቀው ጣሪያ፣ አልጋና መታጠቢያ ቤት ተደረገለትና ለጎብኚ ሆነ።

አሁን ደላሎቹ የማይነግሩሽን ልንገርሽ። በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ላይ ትሳፈራላችሁ፤ ምሳ እየበላችሁ ይጓዛል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግን ዳር ይዞ ይቆማል። ሌሊቱን ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ስለሚጥሉ መንቀሳቀስ አይፈቀድም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውረዱ ይባላል። ስለዚህ "ሃያ አንድ ሰዓት ጀልባ ላይ" ብለሽ የምትከፍዪበት ነገር በእውነት የሚጓዘው ከአምስት ስድስት ሰዓት አይበልጥም። የቀረው ጊዜ ቆሞ የሚያድር ጠባብ ሆቴል ነው፣ ከትንኝ ጋር። አየር ማቀዝቀዣው በአብዛኞቹ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት ብቻ ነው የሚበራው። ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ከፈለግሽ ስትከራዪ በጽሑፍ አስቀምጪ፣ ዋጋውም ይጨምራል። እኔ የተከራየሁት ባለቤት "ሙሉ ቀን" ብሎ ምሎልኝ ነበር፤ ጀልባው ላይ ስንደርስ ካፒቴኑ ቁልፉ እሱ ጋ እንደሌለ ነገረኝ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ትልቁ ጀልባ ወደ ጠባቦቹ ቦዮች መግባት አለመቻሉ ነው። ከሌሎች ጀልባዎች ጋር ተሰልፎ በሰፊው መንገድ ወደ ቬምባናድ ሐይቅ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ሰው ኬራላ ድረስ የሚመጣበት ነገር ያለው ጠባቦቹ ውስጥ ነው። እዚያ የሚገባው ሺካራ የሚባለው፣ ጣሪያ ያለው ትንሽ ጀልባ ነው፣ በሰዓት ይከራያል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ውጡ። ኩታናድ የሚባለው አገር የሩዝ ማሳው ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ቦዩ ከፍ ብሎ ማሳው ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ጀልባው ላይ ተቀምጣችሁ ገበሬውን ቁልቁል ታዩታላችሁ። ውሃውን የያዘው የጭቃና የድንጋይ ግድብ ነው፣ በግድቡ ላይ ቤቶች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቤት ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለው፤ አንዷ ድስት ታጥባለች፣ አንዱ ጥርሱን ይፍቃል፣ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሱ ልጆች የሕዝብ ጀልባ ይጠብቃሉ። ዳክዬ የሚያግድ ሰው ቀጭን ታንኳ ላይ ቆሞ መንጋውን በረጅም ዱላ ሲነዳ ካጋጠማችሁ ሺካራው ቆሞ ያሳልፈዋል፤ መንጋው አልፎ እስኪያልቅ ቦዩ ሙሉ ጩኸት ነው።

ስለዚህ እናትሽን ይዘሽ ከሆነ፣ ቦይ ዳር ያለ የቤተሰብ ማረፊያ ተከራዪ፣ ምድር ቤት ክፍል ይሁን። ጀልባውን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ውሰዱ። የግድ የቤት ጀልባ ላይ ማደር አለብን ካላችሁ ደግሞ ፎቅ የሌለውን ምረጡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት በቀን ሄዳችሁ እዩት፣ የመሳፈሪያውን ሳንቃም ተመልከቱ። አንዳንዱ ላይ ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው እንኳ እጁን ካልተያዘ አይሻገርም። ከታኅሣሥ 11 ገደማ ጀምሮ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ማግስት ዋጋው ሰማይ ይወጣል፤ የእናንተ ቀን ከዚያ በፊት ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ።

ገንዘብ ለመቆጠብ ለሚፈልግ፦ ከአላፑዛ ወደ ኮታያም የሚሄድ የመንግሥት የሕዝብ ጀልባ አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፣ ክፍያው የሻይ ገንዘብ ነው፣ የሚያልፍበት ደግሞ ያው ውሃ ነው።

የኮልፌዋ

ስንቱን ነገር አዳናችሁኝ! ሙናርና ቴካዲ ተሰርዘዋል፣ ኮቫላምም። (ባለቤቴ ስለ ዝሆኑ ትንሽ ከፍቶታል።) ቀዛፊው፣ የሳንቃውን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር።

አሁን ባሕሩ። እናቴ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ እግሯን ነክራ ብትቀመጥ ይበቃታል። ፎርት ኮቺ፣ የኮቺ አሮጌው ሰፈር፣ ያለው ዳርቻ ይሆናል? ባለቤቴስ መዋኘት ይችላል?

ሩት ከዱባይ

ፎርት ኮቺ ላይ አይዋኝም። የመርከቦች መግቢያ አፍ ነው፣ ውሃው ቆሻሻና አረም ይዞ ይመጣል። እዚያ የሚኬደው ለእይታ ነው፤ የቻይና መረብ የሚባሉት ትልልቅ የእንጨት ክንዶች ያሉት እዚያ ነው። ጫፉ ላይ መረብ ተንጠልጥሏል፣ በሌላው ጫፍ ድንጋዮች በገመድ ታስረው ሚዛን ይጠብቃሉ፤ አራት አምስት ሰው ገመዱን ሲስብ መረቡ ከውሃው ይነሣል። "ኑ ሳቡ" ብለው ይጋብዛሉ፤ ብትስቡ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ግብዣው በነጻ አይደለም፤ ዝርዝር ያዙ።

ለእናትሽ ማራሪ ውሰጃቸው። ከአላፑዛ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩበት ረጅም አሸዋ፣ ከኋላው ኮኮናት ብቻ። ሱቅና ጫጫታ የለም። ጀልባዎቹ ጠዋት አሸዋው ላይ ተጎትተው ይወጣሉ። ፀሐይ የምትጠልቀው ባሕሩ ውስጥ ስለሆነ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ሂዱና ወንበር ይዛችሁ ተቀመጡ። ታኅሣሥ ባሕሩ የረጋ ነው፤ ክፉው ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ሲገባ ነው። ያም ሆኖ ስቦ የሚወስድ ሞገድ አለው፤ ባለቤትሽ ከወገቡ በላይ እንዳይገባ፣ ቀይ ባንዲራ ካለ ደግሞ ጨርሶ እንዳይገባ።

ሙቀቱ ቀን ላይ 31 እና 32 ዲግሪ ነው፣ እርጥበቱ ግን ያላብሳል። ስስ ጥጥ ልብስ ያዙ። እናትሽ የአገር ልብስ ነጠላ ይዘው ቢመጡ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፤ የኬራላ ሴቶችም የክት ልብሳቸው ነጭ ሆኖ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ጥለት ያለው ነው።

የድሮ ተማሪ

ልጆች፣ እኔ ከዚህ ቤት በዕድሜ ሳልበልጥ አልቀርም። በጃንሆይ ዘመን ደሴ ስማር ፊዚክስ ያስተማረን የኬራላ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ከዚያ የመጣ መምህር አይጠፋም ነበር፣ ብዙዎቹም ክርስቲያኖች ነበሩ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ጫማውን አውልቆ ሲቆም እናቴ "ይህ ሕንዳዊ ሥርዓቱን ማን አስተማረው?" ትል ነበር። የእኛው ወገን ነው፤ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ፣ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን ጋር አንድ እምነት ናት። በ1965 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ሲሰበሰቡ የእነሱም ካቶሊኮስ መጥተው ነበር። ከዚያ አገር የተነሡት ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ ጳጳስ ከመሆናቸው በፊት እዚህ አስተምረዋል፣ በቤተ መንግሥትም ሠርተዋል።

ስለዚህ እናትሽን ከባሕሩ ሌላ አንድ ቦታ ውሰጂልኝ። ኮታያም ውስጥ ቼሪያፓሊ የምትባል በ1579 እ.ኤ.አ. የተሠራች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ግድግዳዋ በሥዕል የተሞላ። እሑድ ጠዋት ሂዱ። ቅዳሴው በማላያላም ነው፤ ቋንቋው ባይገባቸውም መጋረጃው ሲዘጋና ሲከፈት፣ ዕጣኑ ሲታጠን የት እንደደረሱ ያውቁታል።

ሌላም አለ፣ ይህ ለባለቤትሽ ይሆናል። ፎርት ኮቺ ያለው የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ። ሰውዬው በ1524 እ.ኤ.አ. ኮቺ ላይ ሞቶ እዚያ ተቀበረ፤ ከዓመታት በኋላ ዐፅሙ ወደ ፖርቱጋል ተወሰደ፣ አሁን በብረት የታጠረው ድንጋይ ብቻ ነው የቀረው። የአባቱን ስም ይዞ በ1541 አራት መቶ ወታደር እየመራ በምጽዋ የገባው፣ በማግሥቱ ዓመት ወፍላ ላይ ከግራኝ ጋር ተዋግቶ፣ ተማርኮ የተገደለው ክሪስቶፎር ዳ ጋማ ልጁ ነው። የአባትየውን መቃብር ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ሳያውቅ ቢያልፍ ያስቆጨኛል።

የባንጋሎር ተማሪ

ጋሼ፣ እኔ መቃብሩ ላይ ቆሜ ፎቶ ተነሥቻለሁ፤ ከክሪስቶፎር ጋር ግን አላያያዝኩትም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከቤርሳቤህ

የኮቺን ነገር ስታነሡ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ እዚህ እስራኤል፣ ቤርሳቤህ አጠገብ ነቫቲም የሚባል መንደር አለ፤ ነዋሪዎቹ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኮቺ የመጡ አይሁዶችና ልጆቻቸው ናቸው። በአገራቸው ሥርዓት ያሠሩት ምኩራብና ትንሽ ሙዚየም አላቸው። የእኛ ቤተሰብ ከጎንደር እንደመጣው እነሱም ከመንደራቸው ጠቅልለው መጡ፤ ስለዚህ ኮቺ ውስጥ ማታንቼሪ በሚባለው ሰፈር ያለው ምኩራብ ዛሬ ሰጋጅ የሞላበት አይደለም፣ ጎብኚ የሞላበት ነው። በ1568 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ወለሉን እዩት፦ ከቻይና የመጣ ነጭና ሰማያዊ ሸክላ ነው፣ እያንዳንዱ በእጅ ስለተሳለ ሁለት አንድ ዓይነት አታገኙም። ጫማ ይወልቃል።

ትኬት ቆራጩ

እኔ አዲስ አበባ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው የምሠራው፤ ስለ መቃብርና ስለ ወለል አላውቅም፣ ስለ ወረቀት ግን አውቃለሁ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ! ከኢትዮጵያ ለሚነሣ መንገደኛ ሕንድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ ከዚያ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርድ የሌለው ሰው እስከ ስድስት ቀን ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል፣ ይህም የእናንተን ሽርሽር ከነጭራሹ ይበላዋል። እናትሽን አስቀድመሽ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፤ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሐኪሙ መርምሮ ነው የሚወስነው፣ ካልተፈቀደላቸው የሕክምና ማስረጃ ይጻፍላቸዋል።

ቪዛውን በሕንድ መንግሥት ገጽ ወይም በኤምባሲው በኩል ብቻ ጨርሱ። ስሙን አስመስለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚበሉ ገጾች ሞልተዋል። የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ በወረቀት ብዙ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሕንድ ውስጥ ማንኛውም ማረፊያ የውጭ አገር ዜጋ ሲያሳድር ለፖሊስ ያስመዘግባል፣ ይህን የማያደርግ ማረፊያ አይቀበላችሁም። ሩፒ ከዚህ ገዝታችሁ አትሂዱ፣ ይዞ መግባት ለእኛ አይፈቀድም፤ ዶላሩን እዚያው መንዝሩ።

የኮልፌዋ

እንግዲህ የተስተካከለው እቅድ ይህ ነው፣ እርሙልኝ።

ሐሙስ ማታ በባቡር ከባንጋሎር እንነሣለን፣ ዓርብ ጠዋት ኤርናኩላም። ዓርብና ቅዳሜ ፎርት ኮቺ አድረን መረቦቹን፣ የቫስኮን መቃብር፣ ማታንቼሪን እናያለን። እሑድ ጠዋት ወደ አላፑዛ፣ ሰኞ ሺካራና ማራሪ፣ ማክሰኞ ተመልሰን ከኮቺ አየር ማረፊያ ወደ ባንጋሎር። ጋሼ፣ ኮታያም አልገባችልኝም፤ እሑድ ጠዋት መኪና ውስጥ ነን።

ከቤርሳቤህ

አይሆንም! ምኩራቡ ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። አጠገቡ ያለው የማታንቼሪ ቤተ መንግሥትም ዓርብ አይከፈትም። በር ስማችሁ ልትመለሱ ነው።

የባንጋሎር ተማሪ

እንግዲያውስ ገልብጡት፣ ያኔ ሁሉም ይገባል። ዓርብ ጠዋት ከባቡር እንደወረዳችሁ መኪና ይዛችሁ በቀጥታ አላፑዛ፤ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ክፍሉ ዝግጁ እስኪሆን እናትሽ አፓማቸውን ይብሉ፣ ይረፉ፣ ማታ ማራሪ። ቅዳሜ ጠዋት ሺካራ፣ ከሰዓት ዕረፍት። እሑድ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተነሥታችሁ ኮታያም ለቅዳሴ፤ ከዚያ ምሳ በልታችሁ ወደ ኮቺ፣ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ሰኞ ሙሉ ቀን ፎርት ኮቺና ማታንቼሪ። ማክሰኞ በረራ። አየር ማረፊያው ከፎርት ኮቺ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በጠዋት ውጡ።

ከፎርት ኮቺ ወደ ኤርናኩላም የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የውሃ ሜትሮ አለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ መቀመጫው ምቹ፣ መሳፈሪያው ከጀልባው ወለል ጋር እኩል ነው። ሳንቃ የለም።

የድሮ ተማሪ

ቅዳሴው የሚጀምርበትን ሰዓት ቅዳሜ ማታ ባለማረፊያዎቹን አስጠይቂ፤ በየደብሩ ይለያያል።

የኮልፌዋ

ገልብጬዋለሁ። የባቡሩ ሽያጭ የሚከፈትበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቤ ወንድሜ ጋ ደውያለሁ፤ በሕንድ ስልክ ቁጥሩ እሱ ይቆርጥልናል። የክትባቱን ጉዳይ ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ቀዛፊው፣ ቦይ ዳር ያለውን ማረፊያ ምድር ቤት ስፈልግ አንድ ያገኘሁት መታጠቢያ ቤቱ ጋ ሦስት ደረጃ አለው ይላል። ይለፍ?

ቀዛፊው

መደገፊያ ካለው ይለፍ። ፎቶ እንዲልኩልሽ ጠይቂ።